ውሮ ጠግባም ታደባለች

ዝናቡ ያባራበት የነሐሴ ማታ ነበር። ጓዳ ውስጥ ከተደረደረው የጤፍ ጆንያ ትይዩ ድመቴ ውሮ አቆብቁባለች። ራቷን ከበላች ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላትም፤ የሥጋ ትርፍራፊ ጠግባ፣ ወተትም ልሳበት ነበር። ግን ከግድግዳው ሥር አንድ ነገር ኮሽ አለ። ጆሮዎቿ ወደፊት ተቀሰሩ፣ ሆዷ ከመሬት ተጣበቀ፣ ከጅራቷ ጫፍ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር ጠፋ። ብጠራት ዘወር አላለችም። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደዚያው ቆየች።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንላለን። ተረቱ የሚነገረው ክፉ ልማዱን መተው ላቃተው ሰው ነው። አለመርሳቷ እውነት ነው፤ እንደ ክፉ አመል መቆጠሩ ግን ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። የጠገበች ድመት ለምን እንደምታድን በቅርበት ያዩ ሰዎች ያገኙት ነገር ከጥጋብም ከጭካኔም የራቀ ነው።

ጀርመናዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ፖል ላይሃውዘን ለድመት አይጥ በአይጥ ላይ እየጨመረ ሲያቀርብ ምን እንደሚሆን ተመልክቷል። ድመቷ መጀመሪያ ትይዛለች፣ ትገድላለች፣ ትበላለች። ስትጠግብ መብላቱን ትተዋለች፣ መግደሏን ግን አታቆምም። አይጡ አሁንም ሲመጣ መግደሉም ይቀራል፤ እንዲያም ሆኖ ማድባትና መያዝ ትቀጥላለች። እኛ «አደን» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ለካ ብዙ ነው። መጠበቅ፣ ማድባት፣ መያዝ፣ መግደልና መብላት እያንዳንዱ የራሱ ግፊት አለው። ረሃብ በመግደልና በመብላቱ ላይ ይበረታል፤ ማድባቱ ግን የረሃብን ፈቃድ አይጠብቅም።

እ.ኤ.አ. በ1976 ሮበርት አዳሜክ የተባለ ተመራማሪ ያሳተመው ጥናት ይህንኑ በሌላ መንገድ አሳይቷል። የሚወዱትን ምግብ እየበሉ ላሉ ድመቶች አይጥ ተለቀቀላቸው። ምግቡን ትተው አይጡን ገደሉት። ከዚያ አይጡን በአፋቸው ይዘው ወደ ሳህናቸው ተመለሱና የጀመሩትን ምግብ መብላት ቀጠሉ!

እንዲህ መሆኑ ምክንያት አለው። አንዲት ትንሽ አይጥ ለድመት ከጥቂት ጉርሻ አትበልጥም፤ አድና የምታድር ድመት በቀን ብዙ መያዝ አለባት፣ ከሙከራዋም ብዙው ይከሽፋል። እስኪርባት ብትጠብቅ ያገኘችው ዕድል ያልፋታል። ስለዚህ ኮሽታው በተሰማ ቁጥር የምትነሣው ዘር ተክታለች፤ የምትሰንፈው አልተካችም። የቤት ድመት ዘሯ የሚመዘዘው ዛሬም አገራችንን ጨምሮ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት ነው። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትላ ድመት መጣች። ቆጵሮስ ውስጥ 9,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ መቃብር ተቆፍሮ ሰውና ድመት አጠገብ ለአጠገብ ተቀብረው ተገኝተዋል። ውሻን ሰው ለእረኝነት፣ ለጥበቃ፣ ለአደን እየመረጠ ጠባዩን ለውጦታል። ድመትን ግን የወደዳት አይጥ ስለምትይዝለት ነው፤ ያንን ጠባይ የሚያጠፋበት ምን ምክንያት ነበረው?

ሰውነቷም የተሠራው ለዚሁ ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎኸርትዝ ገደማ ሲሆን የድመት ጆሮ ከ60 ኪሎኸርትዝ በላይ ይዘልቃል። አይጦች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ቀጭን ድምፅ ለእኛ ዝምታ ነው፤ ለእሷ ግን ከጆንያው በስተጀርባ ማን እንዳለ የሚናገር ወሬ ነው። ስትራመድ የኋላ እግሯን የፊት እግሯ በለቀቀው ቦታ ላይ ታሳርፋለች፤ የፊቱ ሳይንኮሻኮሽ ካለፈ የኋላውም አይንኮሻኮሽም። ጥፍሯ ወደ ውስጥ ተሰብስቧል። የዓይኗ ብሌን እንደ ቁም ስንጥቅ ይጠብባል፤ እንዲህ ያለ ብሌን ያላቸው በብዛት ወደ መሬት ዝቅ ብለው የሚያደቡ አዳኞች ናቸው፤ ርቀትን በትክክል ለመገመት ይረዳቸዋል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የመጨረሻው ቅጽበት ነው። ከአፍንጫዋ ሥር ያለውን ነገር ዓይኗ አጥርቶ አያየውም። ስትዘል ጺሞቿ ወደፊት ይዘረጋሉ፤ የያዘችውን እንደ ጣት ከበው አንገቱ የት እንዳለ ይነግሯታል። ከዚያ ክራንቻዋ ማጅራቱ ላይ ያርፋል፤ በአከርካሪው አጥንቶች መካከል ገብቶ ኅብለ ሰረሰሩን ይበጥሰዋል።

እንግዲህ «ትጫወትበታለች» የምንለው መወርወርና መልቀቅ ምንድን ነው? ያደነችው ትልቅ ከሆነና ረሃቧ ካልበረታ ይህ ጠባይ ይበዛል። አይጥ ይናከሳል፤ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ድመቷ ገድላ ልትጨርስ ትፈልጋለች፣ ደግሞ ትፈራለች። በዚህ ዓይን ሳየው ማሠቃየት መሆኑ ይቀርና ጥንቃቄ ይሆንብኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኒውዮርክ ጥናት በአንድ ቆሻሻን መልሶ ጥቅም ላይ በሚያውል ድርጅት ግቢ ውስጥ የሚኖሩ አይጠመጎጦችን 79 ቀን በካሜራ ተከታትሎ፣ በግቢው የነበሩ ድመቶች የገደሉት ሁለት ብቻ መሆኑን መዝግቧል። የከተማ አይጠመጎጥ ከ300 ግራም ይበልጣል፤ ድመት ከዚያ ጋር ግብግብ መግጠም አትወድም። ትልልቁን አይጠመጎጥ ሁሉ ድመት ትጨርስልናለች ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ይህ መታወቅ አለበት።

በደመ ነፍስ የሚሠራ ነገር ሲባል ግን ሁሉም ነገር ተሟልቶ ይወለዳል ማለት አይደለም። ቻይናዊው ተመራማሪ ዚንግ ያንግ ኩኦ እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው ጥናት እናታቸው አይጥ ስትገድል እያዩ ካደጉ 21 ግልገሎች 18ቱ ገዳይ ሆኑ፤ ለብቻቸው ካደጉ 20 ግልገሎች 9፤ ከአይጥ ጋር አብረው ካደጉ 18 ግልገሎች ግን 3 ብቻ። ግፊቱ አብሯት ይወለዳል፤ ማንን እንደምትገድል በመጠኑም ቢሆን ቤቷ ያስተምራታል።

ድመት የምትይዛት ወፍ ለምታሳዝነው ሰውም የሚሆን ነገር አለ። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳዩት ሥጋ የበዛበት ምግብ የሚሰጣቸው ድመቶች አድነው ወደ ቤት የሚያመጡት በ36 በመቶ፣ በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የሚያጫውታቸው ሰው ያላቸው ደግሞ በ25 በመቶ ቀንሷል። አንገት ላይ የሚታሰር ቃጭል ያመጣው ለውጥ አልታየም።

እኔም ይህን ካወቅሁ ወዲህ የዶሮ ላባ በክር አስሬ ማታ ማታ ለውሮ ወለሉ ላይ እጎትትላታለሁ። ከወንበር ሥር ታደባለች፤ ዳሌዋ ግራ ቀኝ ይወዛወዝና ትወረወራለች። ላባውን በፊት እግሮቿ ታቅፈዋለች፣ ጺሟ ይከበዋል። ከዚያ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ በክራንቻዋ የሌለውን ማጅራት ትፈልጋለች።