ክብደቱ ማን ላይ ነው?

ባሌት የማያዩ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ፦ «ዳንሰኞቹ ካልተናገሩ፣ ካልዘፈኑ፣ የሚሰማቸው በምን ይታወቃል?» ፊታቸውን ተዉትና ክብደታቸውን ተከታተሉ እላቸዋለሁ። ታሪክ በሚተርክ ባሌት ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሲደንሱ፣ ማን ማንን እንደተሸከመ፣ ማን እንደተደገፈ፣ ማን እንደሚጎትት ያየ ሰው ልባቸውን አየ።

«ኦኔጊን»ን ልውሰድ። ሳር ቤት አደባባይ የተሰየመለት ሩሲያዊው ገጣሚ ፑሽኪን በግጥም የጻፈውን ታሪክ፣ ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ኮሪዮግራፈር ጆን ክራንኮ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሽቱትጋርት ባሌት ሠራው። የመጀመሪያዋ ታቲያና ብራዚላዊቷ ማርሲያ ሃይዴ ነበረች። ሙዚቃው የቻይኮቭስኪ ነው፤ ግን ቻይኮቭስኪ በዚሁ ታሪክ ላይ ከደረሰው ኦፔራ ምንም አልተወሰደበትም።

ታቲያና መጽሐፍ የምትወድ የገጠር ልጅ ናት። ከከተማ ለመጣው ኦኔጊን ሌሊት ደብዳቤ ስትጽፍ እንቅልፍ ይጥላታል፤ በሕልሟ ኦኔጊን ከመስታወት ውስጥ ይወጣል። እዚህ ዳንስ ላይ ታቲያና ክብደት የላትም። ከራሱ በላይ ያነሳታል፣ ያሽከረክራታል፣ ገና እግሯ መሬት ሲነካ መልሶ ያነሳታል። ይህ የወንዱ ጉልበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እሷ በሰዓቱ ካልተስፈነጠረችና ሰውነቷን ካልሰበሰበች አትነሳለትም። ስለዚህ ያ መብረር የሁለቱም ሥራ ነው፤ ለታሪኩም ይስማማል፣ የሕልሙን ሰው የፈጠረችው እሷው ናትና። እውነተኛው ኦኔጊን በልደቷ ቀን ደብዳቤዋን ይቀድደዋል።

ዓመታት ያልፋሉ። አሁን የልዑል ግሬሚን ሚስት ናት፤ በግብዣ ላይም ከባሏ ጋር ትደንሳለች። ብዙ ተመልካች ይህን ዳንስ እንደ ማረፊያ ቆጥሮ ያልፈዋል። ለእኔ የባሌቱ ልብ እዚህ ነው። ግሬሚን ያነሳታል፣ ግን አይቸኩልም፤ ሲያወርዳትም በእርጋታ ነው። እሷ ሳትሰጋ ትደገፈዋለች። ይህን ሳናይ ብናልፍ፣ በመጨረሻ የምታጣው ነገር እንዳላት አናውቅም ነበር።

በመጨረሻ ኦኔጊን ሊለምናት ይመጣል። በሕልሟ ያበረራት ሰው ተንበርክኮ እጇን ይዟል፤ ልትሄድ ስትራመድ ክብደቱን ሁሉ ከኋላዋ ትጎትታለች። አንዳንዴ ያነሳታል፣ ያ የድሮው መብረር ብልጭ ይላል፣ ሰውነቷም እሺ ሊል ይደርሳል። ግን ወዲያው ትከብዳለች። ይወዳታል፤ እሷም አሁንም ትወደዋለች። ይህን ከመጽሐፉ ይልቅ እዚህ የበለጠ አምኛለሁ፣ ምክንያቱም ሰውነቷ ሲታገል አየሁት። ከዚያ እሱ በተራው የጻፈላትን ደብዳቤ ቀድዳ በሩን ታሳየዋለች።

ቪዲዮውን ካገኛችሁ ሦስቱን በቅደም ተከተል እዩአቸው፦ የመስታወቱን፣ የግሬሚንን፣ የመጨረሻውን። እባካችሁ መካከለኛውን አትዝለሉት።