«ግድ»፣ «ይቻላል» እና «ሳይሆን አይቀርም»፦ ስለ ጥቂት የሥነ አመክንዮ ቃላት አተረጓጎም

የሥነ አመክንዮ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከሚገጥሙት ችግሮች አንዱ «ኔሰሲቲ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል በምን ይተካ የሚለው ነው። «አስፈላጊነት» ተብሎ ሲተረጐም ፍቺው ይዛባል። ውሃ ለሰው አስፈላጊ ነው ስንል ሰው ያለ ውሃ አይኖርም ማለታችን ነው። የሁለትና የሁለት ድምር አራት መሆኑ ግን ማንም የሚሻው ጉዳይ ሳይሆን ከቶ ሌላ ሊሆን የማይችል ነገር ነው። «አስፈላጊ እውነት» የሚለው ሐረግ እንግዲህ አንባቢውን «ጠቃሚ እውነት» ወደሚል ሐሳብ ይመራዋል።

ተስማሚውን ቃል ለመምረጥ ጽንሰ ሐሳቡ የተበየነበትን መንገድ መመልከት ይገባል። ሶል ክሪፕኪ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1965 ባወጣቸው ጽሑፎች በዘረጋው የፍቺ ሥርዓት፣ የዐረፍተ ነገር እውነትነት የሚመዘነው በአንድ «ዓለም» ውስጥ ነው። «ዓለም» ማለት እዚህ ላይ ነገሮች ሊሆኑ ከሚችሉባቸው ሁኔታዎች አንዱ ማለት ነው። ከዓለም ወደ ዓለም የሚያደርስ ዝምድና አለ። ዝምድናው በሚያደርስባቸው ዓለማት ሁሉ እውነት የሆነው «ግድ» ሲባል፣ ቢያንስ በአንዱ እውነት የሆነው «ተቻይ» ይባላል።

ይህ ብያኔ የአማርኛውን «አለበት» ሁለት ፍቺዎች ለመለየት ይረዳል። ለምሳሌ ያህል፦

ሀ) ተበዳሪው ዕዳውን መክፈል አለበት።
ለ) መብራቱ በርቷል፤ ሰውየው ቤት ውስጥ መሆን አለበት።

በ«ሀ» የሚታሰቡት ዓለማት ሕግ የተፈጸመባቸው ናቸው። የምንኖርበት ዓለም ከእነርሱ ወገን ላይሆን ስለሚችል፣ ዕዳው ሳይከፈል ቢቀር ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት አይሆንም። በ«ለ» የሚታሰቡት ደግሞ ተናጋሪው ከሚያውቀው ጋር የሚስማሙት ናቸው። በሒሳባዊው ግድ ግን እያንዳንዱ ዓለም ወደ ራሱም ስለሚደርስ፣ ግድ የሆነው ሁሉ እውነት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው «ሳይሆን አይቀርም» ነው። በዚህ ሥርዓት «አለመሆኑ አይቻልም» ማለት «ግድ ይሆናል» ማለት ነው። «ሳይዘንብ አይቀርም» የሚለው አነጋገር በቅርጹ ሁለት አፍራሾችን የያዘ በመሆኑ ተርጓሚው የግድን ፍቺ ይሰጠው ይሆናል። ዳሩ ግን «ሳይዘንብ አይቀርም፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም» ብንል ንግግሩ አይፋለስም። «የግድ ይዘንባል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም» ብንል ይፋለሳል። ስለዚህ «ሳይሆን አይቀርም» የግምት እንጂ የግድ መግለጫ አይደለም።

ሁለት አፍራሽ በሌላም ስፍራ ጥንቃቄ ይሻል። የሆላንዱ የሒሳብ ሊቅ ብራወር ካፈለቀው ሐሳብ በተነሣው የኢንቱዊሽኒስት ሥነ አመክንዮ፣ እውነት ማለት በማስረጃ የተረጋገጠ ማለት ነው። ክሪፕኪ በ1965 ለዚህ ሥነ አመክንዮ ባቀረበው ፍቺ ዓለማቱ የዕውቀት ደረጃዎች ናቸው። አንድ ነገር ሐሰት ሊሆን እንደማይችል መታወቁ ብቻውን እውነትነቱን አያረጋግጥም። ስለሆነም ተርጓሚው «ሐሰት ሊሆን አይችልም» የሚለውን «እውነት ነው» ብሎ ቢያሳጥረው የክርክሩን መሠረት ያፈርሰዋል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ቃላት ለውይይት እናቀርባለን።

ግድነት፦ በሚደረስባቸው ዓለማት ሁሉ እውነት መሆን።
ተቻይነት፦ ቢያንስ በአንዱ እውነት መሆን፤ «ችሎታ» የሰው ኃይል፣ «ዕድል» የአጋጣሚ መጠን ስለሆኑ አይተኩትም።
ግዴታ፦ ከሕግ ወይም ከሥነ ምግባር የሚመነጭ ግድ፤ ለ«ሀ» ዓይነት ብቻ።
ተደራሽነት፦ ከዓለም ወደ ዓለም የሚያደርስ ዝምድና።

«አስፈላጊነት» የሚፈለገውን ነገር ለመግለጽ በቀድሞ ቦታው ይቆይ።