የኡድሒያው ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ቢገኝ

በዒድ አል-አድሓ (አረፋ) ዕለት ከሶላት መልስ በጉ ታርዶ ሆዱ ሲከፈት፣ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ነጣ ያለ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዳንዱ አተር፣ አንዳንዱ የዶሮ እንቁላል ያክላል። አራጁ «ይሄ አይበላም» ይልና ቆርጦ በር ላይ ለሚጠብቀው ውሻ ይወረውርለታል። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከረጢቱ በሕክምና ቋንቋ ሃይዳቲድ ሲስት ይባላል። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የትል ራሶች በውሻው አንጀት ውስጥ አድገው በጥቂት ሳምንታት እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። ትሉ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ውሻው ጤነኛ ይመስላል። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣሩን፣ አፈሩንና የጓሮ አትክልቱን ይበክላል፤ ጸጉሩ ላይም ይጣበቃል። በጉ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፤ ሰው ደግሞ ባልታጠበ እጅና ባልታጠበ ሰላጣ። ከውሻ ጋር የሚጫወቱ ሕፃናት ይበልጥ ይጋለጣሉ። የበጉን ሥጋ በመብላት ግን ይህ በሽታ አይተላለፍም።

በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ከረጢቱ ያለ ምንም ስሜት ለዓመታት ያድጋል። በሽተኛው «ጨጓራ ነው» እያለ ይቆያል። ከረጢቱ ከፈነዳ ለሞት የሚያደርስ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስከትል ይችላል። ሕክምናው እንደ ሁኔታው ለወራት የሚወሰድ አልቤንዳዞል ወይም ቀዶ ሕክምና ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር እንድናጥብ አዘውናል። ትእዛዙን የምንፈጽመው የትሉ ነገር ስለታወቀ አይደለም። ነገር ግን ዕቃውን ሰባት ጊዜ አጥቦ፣ የታመመውን ጉበት ለዚያው ውሻ የሚሰጥ ሰው ምን ይባላል?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አይስላንድ በዚህ በሽታ ክፉኛ ትጠቃ ነበር። ሕዝቡን በማስተማር፣ ውሾችን በመቆጣጠርና የታመመውን የሆድ ዕቃ ከውሻ በማራቅ በሽታውን አጥፍታዋለች።

እናንተም ከበዓሉ በፊት ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ። ከረጢት ያለበትን ጉበትና ሳንባ ሳታፈነዱ ቅበሩት፤ ውሻ እንዳይቆፍረውም ድንጋይ ጫኑበት። ማቃጠልም ይቻላል። ለጥበቃ ውሻ ያላችሁ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም አማክራችሁ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በየጊዜው ስጡት።