አህያው ደክሞ ዳውላው ሲደበደብ
አዲሱ ግራፊክስ ካርድ ኮምፒውተራችሁን ካሳበደው፣ ከሻጩ ጋር ከመጣላታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ

ሮቤ ከተማ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ አንድ ወጣት አለ እንበል። እቁቡ ሲደርሰው ከአዲስ አበባ ግራፊክስ ካርድ ያስመጣል። ይገጥመዋል፤ ኮምፒውተሩ ይነሳል፤ ደስታ በደስታ! ቪዲዮውን ሬንደር ማድረግ ሲጀምር ግን ድርግም። በአንድ በኩል ሙሽሮቹ በስልክ ይጨቀጭቁታል፣ በሌላ በኩል ማሽኑ እየጠፋ ይነሳል። ካርዱን አውጥቶ ሲሞክር ሰላም ይሆናል። "በቃ፣ የተበላሸ ነው የሸጡልኝ!" ብሎ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሊጣላ ይነሳል።

ቆይ እንጂ ወንድሜ! ካርዱ ሲወጣ ማሽኑ ሰላም ማግኘቱ ካርዱ ለመበላሸቱ ማስረጃ አይሆንም። ካርዱ ሲወጣ የሚበላው ኤሌክትሪክም አብሮ ወጥቷላ! አህያው ደክሞ ዳውላውን መደብደብ ይሉታል ይህን ነው። እዚህ ላይ አህያው ፓወር ሰፕላዩ ነው።

ሂሳቡን እንየው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያ ለካርዱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ባለ 6 ፒን ገመድ ሌላ 75፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ዋት ይጨምራል። አርቲኤክስ 3060 የተባለው ካርድ ብቻውን 170 ዋት ይበላል፤ ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ የሚመክረው ፓወር ሰፕላይ 550 ዋት ነው። ብዙዎቹ ሁለተኛ እጅ የቢሮ ኮምፒውተሮች ግን ይዘው የሚመጡት 300 ዋት እንኳ የማይሞላ ነው። ኬዙን ክፈቱና ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። የጎደለውን ፒን በርካሽ አዳፕተር ከሃርድ ዲስክ ገመድ እንቀጥላለን ማለት ግን ገመድ እስከ ማቅለጥ ያደርሳል፤ ይቅርባችሁ።

ሁሉም ጥፋት የመብራት አይደለም። አጠፋፉን ልብ በሉ፦

ሥራ ሲበዛበት ድንገት ድርግም ካለ፣ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ።

ዊንዶውስ እንደተከፈተ ስታክ ካደረገ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ፣ የድሮው ካርድ ድራይቨር ከአዲሱ ጋር ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል። አዲሱን ድራይቨር አስቀድማችሁ አውርዱ፤ ኢንተርኔቱን ንቀሉ፤ በሴፍ ሞድ ገብታችሁ ዲዲዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የድሮውን ጠርጋችሁ አዲሱን ጫኑ።

ማሽኑ እየሠራ ምስል ከሌለ፣ የሞኒተሩ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ይሆናል። ወደ ካርዱ አዙሩት። ካርዱንም ነቅላችሁ ቀጭ እስኪል መልሳችሁ ስኩት።

ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ በላይ ከወጣ፣ አቧራውን ጥረጉ። "የባሌ ብርድ ይበቃዋል" አትበሉ። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። ክፍሉ መቀዝቀዙ ያግዛል፣ የታፈነ ኬዝን ግን አያድንም።

እንግዲህ ዋናው ፈተና ይኸውላችሁ፦ ካርዱን በቂ ፓወር ሰፕላይ ባለው የጓደኛ ኮምፒውተር ላይ ገጥማችሁ ለሁለት ሰዓት ከባድ ሥራ አሠሩት። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ሮቤ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ተማሪ አታጣም። እዚያም ከጠፋ፣ ወይም ስክሪኑ ላይ የተዥጎረጎረ ነጠብጣብ ካመጣ፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ የካርዱ ነው፤ በቪዲዮ ቀርጻችሁ ለሻጩ ላኩለት። እዚያ ሰላም ከዋለ ግን ገንዘባችሁን ለፓወር ሰፕላይ አውጡ።

ሁለተኛ እጅ የምትገዙም ጠንቀቅ በሉ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ኢተሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ አሠራሩን ሲለውጥ፣ ቀን ከሌት ሲለፉ የነበሩ ብዙ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ ወጥተዋል። ስለዚህ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት የመሞከሪያ ቀን ተስማሙ፤ ስምምነቱንም በጽሑፍ ያዙት። ኬዙን ስትከፍቱ ደግሞ ገመዱን ከሶኬት መንቀል እንዳትረሱ!