ከፎቶግራፉ ጀርባ

ለመሆኑ ፎቶግራፍ ማለት ምን ማለት ነው? ቃሉ የመጣው ከግሪክ ቋንቋ ነው። «ፎቶ» ብርሃን ማለት ነው። «ግራፍ» ደግሞ መጻፍ ማለት ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ ማለት በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እኛ በእርሳስ እንጽፋለን፤ ካሜራ በብርሃን ይጽፋል።

እንዴት አድርጎ ይጽፋል? በቀን ጨለማ ጎጆ ውስጥ ገብታችሁ በሩን ዝጉ። በግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትኑር። ውጪው ብራ ከሆነና ቤቱ በደንብ ከጨለመ፣ በደጅ የሚያልፈው በሬ ከቀዳዳዋ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ይታያል። ግን ተገልብጦ ነው። እግሩ ወደ ላይ፣ ቀንዱ ወደ ታች ሆኖ ይታያል። ይህ አስማት አይደለም። ብርሃን የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። ከበሬው ቀንድ የመጣው ብርሃን በቀዳዳዋ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። ከእግሩ የመጣው ወደ ላይ ይወጣል። ካሜራም እንደዚያች ጎጆ ያለች ጨለማ ሣጥን ናት። በቀዳዳዋ ላይ ሌንስ የሚባል መስተዋት ተገጥሞላታል።

ድሮ በሣጥኗ ውስጥ ፊልም ይገባ ነበር። ፊልሙ ከብር የተሠራ ቅመም ተቀብቷል። ብርሃን የነካው ቦታ በመድኃኒት ሲታጠብ ይጠቁራል፤ ያልነካው ሳይጠቁር ይቀራል። ዛሬ በየኪሳችን በያዝነው ስልክ ውስጥ ፊልም የለም። በፊልሙ ፈንታ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጥ፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ቁራጭ አለች። ሥራው ግን ያው ነው።

እኔ የምኖረው ደብረ ሲና ነው። ፎቶ የማነሣው አማተር ሆኜ ነው። አማተር የሚባለው ሥራውን ስለሚወደው እንጂ እንጀራ ሊበላበት ብሎ የማይሠራ ሰው ነው። በዕረፍት ቀኔ ካሜራዬን አንግቤ የድሮ ቦታዎችንና ከተሞችን እዞራለሁ።

ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጣርማ በር ግርጌ ያለች ከተማ ናት። መጀመሪያ ያነሣሁት ከበላያችን ያለውን የጣርማ በር ዋሻ ነበር። ዋሻው የተሠራው ጣሊያን አገራችንን ወርሮ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። መኪና ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ነው። በማለዳ ወጥቼ ጉም ከቆላው እየተግተለተለ መጣና የዋሻውን አፍ ዋጠው። ሁለት ሰዓት ሙሉ በብርድ ተቆራምጄ ጠበቅሁ። ሲገለጥ አነሣሁ። ቤት ገብቼ ሳየው ግን፣ ምኑን ልንገራችሁ፣ የቀበሮ ጉድጓድ መሰለ! ለካስ በአጠገቡ ሰው አላቆምኩም። ሰው አጠገቡ ካልቆመ የአንድን ነገር ትልቅነት ከፎቶ ማወቅ ያስቸግራል። ከዚያ ወዲህ ግንብም ይሁን ዛፍ ሳነሣ አንድ ሰው አጠገቡ እንዲቆምልኝ እለምናለሁ።

ሌላ ቀን ወደ አንኮበር ሄድኩ። ከደብረ ሲና ሽቅብ በጣርማ በር አድርጎ እስከ ደብረ ብርሃን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ከጥንቱ ቤተ መንግሥት ዛሬ ቆሞ የሚታየው ጥቂት የድንጋይ ግንብ ነው። በኮረብታው ላይ በኋላ ጊዜ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶበታል።

የደረስኩት በቀትር ነበር። ፀሐይ ከአናት ስትሆን ግንብ ልክ እንደ ተለቀለቀ ግድግዳ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። አድሬ በማግስቱ ማለዳ ተመለስኩ። ፀሐይዋ ከጎን ስትመታው የእያንዳንዱ ድንጋይ ጥላ ወጣ፤ የግንበኛው እጅ ሥራ አንድ በአንድ ታየ። አጠገቤ የነበረ ልጅ ግንቡ ላይ ሊወጣልኝ ፈለገ። ከለከልኩት። አንድ ድንጋይ ቢወድቅ መልሶ የሚሠራው ግንበኛ የለም።

ታዲያ አንኮበር በደህናው ዘመን ምን ትመስል እንደነበር በምን እናውቃለን? በ1833 ዓ.ም. ካፒቴን ሐሪስ የሚባል የእንግሊዞች መልእክተኛ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ ነበር። አብሮት ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር። ፎቶግራፍ የማንሣት ጥበብ በፓሪስ ለሕዝብ ከተገለጠ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ስለዚህ በርናትስ ያየውን በብሩሽ ሣለ። ሥዕሎቹ በ1844 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታትመው ወጡ።

በ1871 ዓ.ም. ደግሞ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊስ መሐንዲስ መጣ። ምኒልክ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ መቀመጫቸውም አንኮበር ነበር። የኢልግ ሥራ ምሕንድስና ነበር፤ በኋላም የምኒልክ አማካሪ ሆኗል፤ በባቡር ሐዲዱም ሥራ ደክሟል። ፎቶ ማንሣቱ በትርፍ ጊዜው ነው። ይኸው እሱም አማተር ነበር ማለት ነው! ያነሣቸውና የሰበሰባቸው ብዙ ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ። ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ወጡ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ አንኮበርም እያደር ጭር አለች። ሥዕልና ፎቶግራፍ ባይኖር ኖሮ የዚያ ዘመን ነገር በዓይን የሚታየው ጥቂት ብቻ በሆነ ነበር።

ነገር ግን ፎቶ የሚገባው ቤተ መንግሥት ብቻ አይደለም። የገበያው ረድፍ፣ የሣር ክዳኑ ጎጆ፣ የእህል ጎተራው ሁሉ ይለወጣል። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በደብረ ሲና አካባቢ በይዛባና በሾተል አምባ መሬት ተንሸራተተ። ቤት ፈረሰ፣ ማሳ ተሰነጠቀ፣ ብዙ ሰው ቀየውን ለቆ ወጣ። ከዚያ በፊት ደጁን በፎቶ ያስነሣ ሰው ካለ፣ ያቺን ወረቀት እንደ ውርስ ሳይዛት አይቀርም።

ስለዚህ ከተማችንንም አነሣለሁ። በዚህ በኩል አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። መኪና ሲቆም ለመንገደኛ ቆሎ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ሳልጠይቃት ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አነሣኋት። አየችኝ።

«አንተ! ማን ፈቀደልህ? እኔ ግንብ ነኝ እንዴ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። «ይቅርታ፣ እህቴ» አልኩና ፎቶውን እያየች አጠፋሁት። ቆሎም ገዛሁ፤ ቢሆንም አልሳቀችልኝም። እውነቷን ነው። ግንብ አይጠየቅም፤ ሰው ግን ይጠየቃል። ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ደግሞ ካህናቱን ሳያስፈቅዱ ካሜራ ማውጣት ነውር ነው። ሰው ሲፈቅድልኝ ፎቶውን በወረቀት አሳትሜ ወስጄ እሰጣለሁ። በስልክ ውስጥ የቀረ ፎቶ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚሁ ደብረ ሲና ከአንዲት እናት ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። በግድግዳው ላይ በመስተዋት የተከበበ አንድ የቆየ ፎቶ አየሁ። ካፖርት የለበሰ ሰው ከድንጋይ ግንብ አጠገብ ቆሟል።

«እማማ፣ ማናቸው?» አልኩ።

«የአባቴ ወንድም ይመስለኛል፣ ልጄ። ጓደኛውም ሊሆን ይችላል። እናቴ ታውቅ ነበር። ሳልጠይቃት አለፈች።»

ግንቡስ የት ነው? እሱንም አያውቁም። ፎቶውን ከመስተዋቱ አውጥተን ጀርባውን አየን። ባዶ ነው። ስም የለ፣ ቦታ የለ፣ ቀን የለ። ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሰውየው ግን ማን እንደሆነ የሚናገርለት ጠፋ። አንዲት መስመር ጽሑፍ ብትኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አይጠፋም ነበር። እኔም አፈርኩ። በሣጥን የከተትኳቸው የራሴ ፎቶዎች ጀርባቸው ባዶ ነበርና።

አሁን እያንዳንዱን ፎቶ እጽፍበታለሁ። የተነሣው ማን ነው? ቦታው የት ነው? ቀኑና ዓ.ም. መቼ ነው? ያነሣውስ ማን ነው? የምጽፈው በጀርባው፣ ከዳር በኩል፣ ለስለስ ባለ እርሳስ ነው። ቀለም ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላል። እርሳስም ቢሆን ከተጫኑት ፊቱን ያጎብጠዋል። ቀና ያለ ሰሌዳ ላይ አስደግፎ ቀስ ብሎ መጻፍ ይሻላል።

በሌላ ሳምንት እማማን፣ ያንን የድሮ ፎቶ በእጃቸው እንደያዙ፣ በራሳቸው ደጅ አነሣኋቸው። አሳትሜ ወሰድኩላቸው። እርሳስ ሰጥቼ ልጻፍልዎት ወይ ብላቸው እምቢ አሉ። በ1970ዎቹ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ስማቸውን እስከ አያት ጻፉ። ቀጥለውም «ደብረ ሲና፣ ደጄ ላይ» ብለው ቀኑን አስገቡ። ጥቂት አሰቡና ከሥሩ «በእጄ የያዝኩት ስሙን ያላወቅነው ዘመዳችን ነው» ብለው ጨመሩ። ይህን ሁሉ ሲጽፉ ቡናው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው።