ከዋጊኖስ በላይ የተጻፈ ስም

«ቡልጋሪያ ወራጅ አለ!» የሚል ተሳፋሪ ሶፊያ የምትባል ከተማ ትዝ አትለውም። የሚያስበው ቂርቆስ ያለውን ሰፈር፣ የሚሻገረውን አስፋልትና የሚደርስበትን ቤት ነው። ኤምባሲው ለሰፈሩ ስም ሰጠ፤ ሰፈሩ ደግሞ ስሙን የራሱ አደረገው። ካዛንቺስም ከዚህ አይለይም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ «ኢንቺስ» የተባለ ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞች ያሠራቸው ቤቶች «ካዛ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን ቃል አጣብቆ አንድ አደረጋቸው። የባዕድ ስም እዚህ አገር ሲገባ እንዲህ ይለመዳል፣ ከየት እንደመጣ መጠየቅም ይቀራል።

ብሩስም ከእነዚህ ስሞች አንዱ ነው። ቪዲዮ ቤት ተጋፍቶ ፊልም ያየ የከተማ ልጅ ብሩስ ሲባል ብሩስ ሊ ነው የሚመጣበት። ሰውየው በ1940 ሳን ፍራንሲስኮ ሲወለድ የቻይንኛ ስሙ ሊ ጁን ፋን ነበር፤ ብሩስ የሚለው እዚያው ሆስፒታል የወጣለት የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ግን በመጀመሪያ የሰው መጠሪያ አልነበረም፤ የስኮትላንድ ቤተሰብ ስም ነው። ከዚያም በፊት፣ ልክ እንደ ቡልጋሪያ፣ የቦታ ስም ነበር።

ቦታው ብሪ ይባላል፤ በሰሜን ፈረንሳይ በኖርማንዲ የሚገኝ መንደር ነው። የዚያ መንደር ባላባቶች ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። በ1124 ገደማ የስኮትላንዱ ንጉሥ ቀዳማዊ ዴቪድ ለሮበርት ደ ብሩስ አናንዴል የተባለውን ደቡባዊ ግዛት ሰጠው። ከሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ በሮበርት ስም የተጠራ ሌላ ብሩስ የስኮትላንድን ዘውድ ደፋ፣ በ1314 ሰኔ ላይም ባኖክበርን በተባለ ቦታ የእንግሊዝን ጦር ድል አደረገ። ለስኮትላንዶች ባኖክበርን ለእኛ እንደ ዓድዋ ያለ ስም ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ብሩስ መባል ተራ ነገር አልሆነም፤ ስሙ ያለው ሁሉ የዘር ሐረጉን ከንጉሡ ጋር ማያያዝ ይወዳል።

ከባኖክበርን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ላርበርት አጠገብ ኪናርድ የሚባል ርስት አለ። ጎንደርን ያየው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1730 የተወለደው እዚህ ነው። እሱም የንጉሡ ዘር ነኝ እያለ ይኮራ ነበር። ስሙን ያገኘው ግን በአባት በኩል ሳይሆን በሴት በኩል ነው። አያቱ ዴቪድ ሄይ ይባሉ ነበር፤ የኪናርድን ርስት የወረሰችውን ሄለን ብሩስን ሲያገቡ ከርስቱ ጋር ስሙም ወደ ቤታቸው ገባ። በእነሱ አገር የቤተሰብ ስም እንደ መሬት ይወረሳል፣ መሬትን ተከትሎም ይሄዳል። እንደ እኛ ወግ ቢሆን ሰውየው ከነአባቱና ከነአያቱ ሲጠራ ጀምስ ዴቪድ ዴቪድ ይባል ነበር፤ ብሩስ የሚለው ቃል አጠገቡም አይደርስም። እኛ ዘንድ የአባት ስም ከልጅ አልፎ የልጅ ልጅ ጋ ሲደርስ እየደበዘዘ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት አንድ ስም ስድስት መቶ ዓመት ዘልቆ ሰውንም ቦታንም መሰየሙ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው።

ብሩስ ምጽዋ የደረሰው በ1769 ነው፤ ጎንደር የገባው ደግሞ በ1770 የካቲት። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ፀጉሩ ቀይ ሰው ነበር። ራስ ሚካኤል ስሑል ዘመቻ ላይ ነበሩ፤ በቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ደግሞ ፈንጣጣ ገብቶ ሕፃናቱ ታመው ነበር። እንግዳው ሐኪም ተብሎ ተጠራ። ክፍሉ በጢስ ታፍኖ፣ መስኮት ተዘግቶ ሕሙማን ይታፈኑ ስለነበር ንጹሕ አየር እንዲገባ አደረገ፣ የሕሙማኑንም መኝታ አጸዳ። ያከማቸው መልካም ስም ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። የራስ ሚካኤል ባለቤት ወይዘሮ አስቴር የእቴጌይቱ ልጅ ስለነበሩ በዚህ መንገድ የሁለቱም ቤት በር ተከፈተለት። ጎንደሬዎች ብሩስ ብለው አልጠሩትም። ጀምስ በመጽሐፍ ቅዱስ ያዕቆብ ነውና ሐኪም ያዕቆብ ሆነ፤ እሱ ራሱ ይህን «ያጎቤ» እያለ ጽፎታል። ከሁለት ዓመት በታች በቆየባት ከተማ የአባቱን ቤት ስም የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ1770 ኅዳር ወር ላይ ጊሽ ዓባይ ደረሰ። ምንጩ አጠገብ ቆሞ ደስታው ወሰን አጣ፤ ከዚያ በፊት ይህን ቦታ ያየ አውሮፓዊ የለም ብሎ አመነ። እንደዚያ አልነበረም። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ቆሞ አይቶ ጽፏል፤ ብሩስም የእሱን ምስክርነት ለማጣጣል ብዙ ገጽ ፈጅቷል። ደግሞም የጊሽ ሰው ምንጩን ለማወቅ ማንንም አልጠበቀም። ቅዱስ ዘርዓብሩክን እያከበረ፣ ጠበሉን እየጠጣ ይኖር ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው የሉዊጂ ባሉጋኒ ነገር ነው። ባሉጋኒ በ1737 ቦሎኛ የተወለደ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሲሆን የብሩስ የሥራ ባልደረባ ሆኖ አብሮት መጣ፤ ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ ስለ እሱ የጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ወደ ጊሽ በሄዱ ጊዜ አብሮት እንደነበር የባሉጋኒ የገዛ የጉዞ ማስታወሻ እያሳየ፣ ብሩስ ግን ከዚያ በፊት የሞተ አድርጎ አቀረበው። የተክልና የአበባ ሥዕሎቹን በጥንቃቄ የሠራው እጅ የባሉጋኒ ሆኖ ሳለ ምስጋናውን የወሰደው ብሩስ ነው። ሥዕሎቹ ዛሬ አሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ፣ የሠራቸው ሰው ስምም በመጨረሻ አጠገባቸው ሰፍሯል። ለዚህ ግን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጀ።

በሌላ በኩል ብሩስ ያልሸሸገው ውለታ አለ፤ መጻሕፍቱ። ከኢትዮጵያ ይዟቸው ከወጣቸው የግእዝ ብራናዎች መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ሦስት ቅጂዎች ነበሩ። ሄኖክ በእኛ ዘንድ ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት የሚቆጠር፣ መምህራን ትርጓሜውን የሚያስተምሩት መጽሐፍ ነው። በአውሮፓ ግን ከጥንት አባቶች ጥቅሶች በቀር የጠፋ ተብሎ ተትቶ ነበር። ብሩስ አንዱን ቅጂ ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፣ ሌላው ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገባ። በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ከዚያው ብራና ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። በበግና በፍየል ቆዳ ላይ ሌት ተቀን ጎንበስ ብሎ የጻፈ አንድ የጎንደር ወይም የአካባቢው ደብተራ ባይኖር ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ የተናገረውን ብዙዎች አላመኑትም፤ በቁሙ ከከብት ላይ ተቆርጦ ስለሚበላ ሥጋ ያወራው ወሬ በተለይ መሳቂያ አደረገው። አምስት ቅጽ ያለው መጽሐፉ በ1790 ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1794 ሚያዝያ ላይ አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲፋጠን ኪናርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ከቀለጠ ብረት የተሠራው የመቃብር ሐውልት ዛሬም ላርበርት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አለ።

ስሙ ግን እዚያ አልቆመም። ሌሎች ብሩሶችም ዓለምን ሰይመዋል። ከግሪክ የፓርተኖንን ቅርጻ ቅርጾች አስነቅሎ የወሰደው ሎርድ ኤልጂን ቶማስ ብሩስ ነው፤ ልጁ ጀምስ በ1860 ፔኪንግ የሚገኘውን የቻይና ንጉሠ ነገሥታት የበጋ ቤተ መንግሥት ያስቃጠለ የእንግሊዝ ልዑክ ነበር። ካናዳ ኦንታሪዮ ያለው የብሩስ ባሕረ ገብ መሬት የሚጠራው በዚህ ልጅ ነው። የመቅደላን ዘረፋ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን የቤተሰብ ታሪክ በሌላ ስሜት ያነበዋል።

ለኢትዮጵያ አርብቶ አደር ግን የቅርቡ ብሩስ ዴቪድ ብሩስ ነው፣ ስሙን ባይሰማም። በ1855 ሜልቦርን ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ተወልዶ በባኖክበርን አጠገብ በስተርሊንግ ያደገ የጦር ሐኪም ነበር። በ1887 ማልታ ላይ ወታደሮችን ያስቸግር የነበረውን የማይለቅ ትኩሳት የሚያመጣውን ተህዋስ ለየ፤ ተህዋሱ በኋላ ብሩሴላ ተባለ። ዛሬ ብሩሴሎሲስ የምንለው፣ ላምን ፍየልን የሚያስወርድ፣ ያልተፈላ ወተት በጠጣ ሰው ላይም መገጣጠሚያ የሚቆረጥምና የማያባራ ላብ የሚያመጣ በሽታ መንስኤው ይኸው ነው። ወታደሮቹ በሽታውን የሚያገኙት ከፍየል ወተት መሆኑን በ1905 የደረሰበት ግን የማልታው ተወላጅ ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ነው። የበሽታው መንገድ የተገኘው በዛሚት ሆኖ ሳለ ስሙ በዓለም ዙሪያ የሚጠራው የብሩስ ነው።

ዴቪድ ብሩስ ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ የከብት ደም ውስጥ የሚኖር ሌላ ተህዋስ አገኘ፤ ትራይፓኖሶማ ብሩሴይ ተባለ። የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ ነው። ከዴዴሳ ሸለቆ እስከ ኦሞ ያለ ገበሬ ዝንቡ የሚያስተላልፈውን የከብት በሽታ ገንዲ ብሎ ያውቀዋል። በሬው ሆዱ ገብቶ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ ቀንበር መሸከም ሲያቅተው ገንዲ ያዘው ይላል። ዴቪድ ብሩስ ሙከራዎቹን ያደረገው ብቻውን አልነበረም፤ ሚስቱ ሜሪ አብራው በማይክሮስኮፕ ትመለከት፣ የታየውንም ትስል ነበር። በ1931 እሷ በሞተች በአራተኛው ቀን፣ የቀብር ሥርዓቷ ሲፈጸም እሱም ሞተ።

ከበሽታ ወደ ወፍ ስንመለስ የአገራችንን ዋርካና ሾላ ፍሬ የምትለቅም፣ ደረቷ አረንጓዴ፣ ሆዷ ደማቅ ቢጫ የሆነች ርግብ አለች። በእንግሊዝኛ የብሩስ አረንጓዴ ርግብ ትባላለች። በሳይንስ መጠሪያዋ ግን ሌላ ቃል አለ፤ «ዋልያ»። ጎንደርን የዞረው ብሩስ ከአገሬው ሰምቶ በመጽሐፉ ያሰፈረው ነው፤ ሳይንቲስቶቹ ሳይለውጡ ወሰዱት። በአንዲት ወፍ ላይ ሁለት ስም፣ አንዱ ከኪናርድ፣ አንዱ ከኢትዮጵያ።

ዋጊኖስ ግን እንዲህ አልተከፈለም። በደጋና በወይና ደጋ ጫካ ዳር የሚበቅል ቁጥቋጦ መሰል ዛፍ ነው፤ አዲስ ቅጠሉ ከሥር ቀላ ባለ ቡናማ ጠጉር ይሸፈናል፣ ፍሬው ሲቀመስ ከእሬት የማይተናነስ መራራ ነው። የባህል ሐኪሞች ለቁስል፣ ለቆዳ በሽታና ለተቅማጥ ይሰጡታል። ብሩስ ደም ተቅማጥ ይዞት በዚህ ተክል መዳኑን ጽፏል፤ ዛፉን ያሳዩትና አወሳሰዱን የነገሩት የአገሬው ሰዎች ናቸው። አውሮፓ ሲደርስ ተክሉ በ1779 «ብሩሴያ አንቲዲሴንቴሪካ» የሚል ስም ተሰጠው፤ «ለደም ተቅማጥ የሚሆን የብሩስ ተክል» እንደማለት።

ከዚህ በኋላ ስሙ ለራሱ መሄድ ጀመረ። በ1819 ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች ከዋጊኖስ የመጣ በመሰላቸው ቅርፊት ውስጥ መራራ መርዝ አግኝተው ብሩሲን አሉት። ቅርፊቱ ግን ከሌላ ተክል ነበር። ስሙ ሳይታረም እስከ ዛሬ በኬሚስትሪ መጻሕፍት ውስጥ አለ፣ ዋጊኖስ ውስጥ ግን የለም። በ1973 ደግሞ አሜሪካኖች ከእውነተኛው ዋጊኖስ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለዕጢ ሕመም ይውላል መባሉን ሰምተው፣ የደም ካንሰር ሴሎችን የሚገታ ንጥረ ነገር ለይተው ብሩሴአንቲን አሉት። በሰው ላይ ሲሞከር የተጠበቀውን ያህል ስላልፈወሰ ምርምሩ ተገታ። መድኃኒት አዋቂው፣ ቅጠል ለቃሚው፣ የገበያዋ ሴት በእነዚህ ስሞች ውስጥ የሉም፤ ለተክሉም ለመርዙም ለመድኃኒቱም የተሰጠው ስም የብሩስ ብቻ ነው።

ይሁንና ለብሩስ አንድ ነገር መተው ያስፈልጋል። ብዙ ነገር ሸሽጓል፣ የባሉጋኒን ድርሻ ደብቋል፣ ፓኤዝን ክዷል። የ1790ውን መጽሐፍ አምስተኛ ቅጽ ግልጦ የዛፎቹን ምዕራፍ ያየ ሰው ግን በዚያ ተክል ርዕስ ላይ ሁለት ስም ያገኛል። የእሱ ስም ያለበት የላቲን መጠሪያ ሁለተኛ ነው። ከፊቱ በእንግሊዝ ፊደል፣ ከአገሬው አፍ እንደሰማው፣ «ዉጊኖስ» ተጽፏል።