ሲሚንቶ ያልተስማማው መቃብር

ኒው ኦርሊየንስ ብቅ ካላችሁ ሴንት ሉዊስ ቁጥር 1 የሚባለውን የካቶሊኮች መቃብር እዩት። ብዙ ሰው የሚሄደው የቩዱ ንግሥት የምትባለው ማሪ ላቮ አርፋበታለች ስለሚባለው ፉካ ነው። ተዋናዩ ኒኮላስ ኬጅ ከወዲሁ ያሠራውን ነጭ ፒራሚድ ፎቶ ለማንሳት የሚሄድም አይጠፋም (ሰውየው ገና በሕይወት አለ!)። እኔን የያዘኝ ግን ልስኑ ነው።

ቦታው የተከፈተው በ1789 እ.ኤ.አ.፣ ከተማዋ በስፔን ሥር ሳለች ነው። ዓመት ቀደም ብሎ እሳት ከተማዋን በልቷት ነበር፤ የቀድሞው መቃብርም ሞልቷል። ሟቾቹ በአብዛኛው የሚያርፉት ከመሬት በላይ፣ ከጡብ በተሠሩ ፉካዎች ውስጥ ነው። ምክንያቱን ስትጠይቁ ሁሉም «ውሃው» ይላችኋል። መሬቱ ረግረግ መሆኑ እውነት ነው፤ የፈረንሳይና የስፔን ልማድ ግን የሚረሳ አይደለም።

አንዱን ፉካ አንድ ቤተሰብ ለትውልድ ይቀባበለዋል። ሣጥኑ ገብቶ አፉ በጡብ ይደፈናል፤ የበጋው ፀሐይ ውስጡን እንደ ምድጃ ያግለዋል። በልማዱ ዓመት ከአንድ ቀን ሳይሞላ አይከፈትም። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ከሞተ የቀድሞው ሣጥን ይወጣና አፅሙ ከሥር ወዳለው ጉድጓድ ይወርዳል። የግል ፉካ ለሌለው ደግሞ እድር አለለት፤ መዋጮ ሰብስበው አባሎቻቸውን የሚቀብሩ ማኅበራት ማለቴ ነው። የጣሊያኖቹ እድር በ1857 ያሠራው የእብነ በረድ ሐውልት እስከ ዛሬ ቆሟል።

ወደ ልስኑ ልመለስ። የድሮው ጡብ ለስላሳ ነው፤ እርጥበት ይጠጣል። በኖራ ከተለሰነ የጠጣውን መልሶ ያስወጣል። ስለዚህ ቤተሰቦች ለቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ ጥቅምት 22 ቀን፣ መቃብሩን አጥበው ኖራ ይቀቡ ነበር። ኋላ «አንዴ ሠርተን እንገላገል» ተባለና ሲሚንቶ መጣ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ እርጥበቱን ግን ውስጥ ያፍነዋል። ከውጭ ደህና የሚመስለውን ግድግዳ በጣታችሁ ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣችኋል። ልስኑ በወደቀበት በኩል ስታዩ ጡቡ ቀይ ዱቄት ሆኗል።

ቀለምም ያው ነው። በ2013 መጨረሻ አንድ ሰው አጥር ዘሎ ገብቶ የማሪ ላቮን ፉካ ሮዝ ቀባው። ቀለሙ ግድግዳውን ስላፈነው መነሳት ነበረበት፤ በ2014 ፉካው እንዳለ ታደሰ። ከዚያ በፊትም ጎብኚዎች ስለት ሊሳሉ በላዩ ላይ የኤክስ ምልክት እየሞነጫጨሩ አበላሽተውት ነበር።

ከ2015 ጀምሮ ያለ አስጎብኚ መግባት አይቻልም፤ ዘመዱ የተቀበረበት ሰው ፈቃድ ያወጣል። አንዳንዱ «መቃብር በቲኬት!» ብሎ ይናደዳል። እኔ ግን ደንቡ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ቦታው የሀገረ ስብከቱ ቢሆንም የፉካው ጥገና በመሠረቱ የቤተሰብ ነው፤ ቤተሰቡ ሲበተን ወይም ዘሩ ሲያልቅ ልስኑን የሚያይ የለም።

አገር ቤትም በድንጋይና በኖራ የተሠራ የቆየ የቤተሰብ መቃብር ካላችሁ፣ ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት በኖራ መሥራት ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። «ሲሚንቶ ይሻላል» ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።